መልስ፦ የብስክሌት ቸርኬ ሽቦ ማሰር ቸርኬውን ያጠነክረዋል?

ወንድሜ፣ ሽቦዎቹ የሚጠላለፉበትን ቦታ በቀጭን ሽቦ ጠፍሮ መበየድ ቸርኬውን ያጠነክረዋል ወይ ላልከው፣ አያጠነክረውም ባይ ነኝ። ጆብስት ብራንት የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የታሰረውንም ያልታሰረውንም ለክቶ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ጥንካሬው የሚመጣው ከሽቦው ብዛትና ውፍረት፣ ጎማው ከሚቀመጥበት ክብ ብረትም ነው። ጥቅም አለው ከተባለ፣ የተበጠሰ ሽቦ ተንጠልጥሎ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ይይዘዋል። ግን አንዱን ለመቀየር ማሰሪያውን መቁረጥ ግድ ነው (መካኒክህ ይረግምሃል)።

ቸርኬው ዳገት ላይ ይወላገዳል ያልከው ከሽቦዎቹ ውጥረት ማነስ ይመስለኛል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣትህ እየነካህ ድምፃቸውን ስማ፤ ደፈን ያለ ድምፅ የሚሰጠው ላልቷል። የኋላው ላይ የማርሹን ወገን ለብቻው አወዳድር፣ እሱ ይበልጥ ስለሚወጠር።