የእናትህ ቤት ይቆይ

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ተናደድኩ፤ በአንተ ግን አይደለም።

ሌሎቻችሁም እንድትከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ይህ ወንድማችን የደሴ ልጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በሃይድሮሊክ ኢንጂነሪንግ ተመርቋል፤ ጂፒኤው 3.38 ነው፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። ቶሮንቶ ያሉት አጎቱ «አንተ ብቻ ግባ፣ ከዚያ በኋላ እኔ አለሁ» ይሉታል። አዲስ አበባ ያለ ኤጀንት ደግሞ ካናዳ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የአንድ ዓመት የቢዝነስ ዲፕሎማ አግኝቶለታል፤ ክፍያው 17 ሺህ የካናዳ ዶላር። ለዚህ ሲባል ሆጤ ያለው የእናቱ ቤት ሊሸጥ ነው። ገዢ ተገኝቷል፣ በ4 ሚሊዮን ተኩል ብር። በመሃል ወረኢሉ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ተወዳድሮ አልፎ ነበር፤ «ደመወዙ አይረባም፣ ጓደኞቼም ይስቁብኛል» ብሎ ሊተወው ነው።

ትናንሾቹን ጥያቄዎች ቶሎ ልጨርስልህ። 25 ዓመት አልረፈደም። 3.38 ያወዳድርሃል። አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ሁለት ወር በርትተህ ራስህ ተዘጋጅ፣ ገንዘብህን ለፈተናው አስቀምጥ።

አሁን ወደ ቤቱ።

ሂሳቡን ኤጀንቱ እንደነገረህ ሳይሆን እንዳለ እንሥራው። ካናዳ ለተማሪ ፈቃድ የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም የምትጠይቅህ። ከ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከኩቤክ ውጭ ለሚማር አንድ ሰው የዓመት መኖሪያ ተብሎ 22,895 ዶላር ማሳየት ግድ ነው። ይህ ከትምህርት ክፍያውና ከትኬቱ ሌላ ነው። የማመልከቻ 150፣ የአሻራ 85 ዶላር ጨምርበት። ከ17 ሺሁ ክፍያ ጋር 40 ሺህ ዶላር ሞላ። የካናዳን ዶላር በ100 ብር ብናስበው እንኳ 4 ሚሊዮን ብር። ኤጀንቱ ለራሱ የጠየቀህን 200 ሺህ ብርና ትኬቱን ስትደምርበት የእናትህ ቤት እዚያው አለቀ።

እሺ፣ ተሳካና ገባህ እንበል። አጎትህ «ከዚያ በኋላ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ብዙው ሰው ካናዳ የሚሄደው ሲመረቅ የሚሰጠውን የሥራ ፈቃድ አስቦ ነው። ይህን ፈቃድ ግን የትኛውም ኮሌጅ አያሰጥም። የግል ኮሌጆች በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ናቸው። አንዳንዶቹ በመንግሥት ኮሌጅ ስም ያስተምሩ ነበር፤ ከግንቦት 2016 ጀምሮ በዚያ መንገድ የተመዘገበ ተማሪም ፈቃዱን አያገኝም። ስለዚህ ኤጀንቱን አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፦ «ይህን ፕሮግራም ስጨርስ የሥራ ፈቃድ ያሰጠኛል? የካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አሳየኝ።» ሁለተኛም ልጨምርልህ። በካናዳ ሕግ ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ማመልከቻ የሚይዝ አማካሪ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ የፈቃድ ቁጥሩ በይፋ ዝርዝር ላይ ይታያል። ቁጥሩን ስትጠይቀው ፊቱን እየው። «ቪዛው መቶ በመቶ ነው» ያለህ ሰው ከሆነ ደግሞ ፊቱንም ማየት አያስፈልግም።

ካልተሳካስ? ቪዛ የሚሰጠው ሰው ወረቀትህን ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው «የአምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ሰው የአንድ ዓመት የቢዝነስ ዲፕሎማ ምን ያደርግለታል?» ነው። እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ ራስህ መልስ አለህ? የባንክ ስቴትመንት የአራት ወር ይጠይቁሃል። የቤቱ ብር ባለፈው ሳምንት ድንገት የገባ ከሆነ ከየት መጣ መባሉ አይቀርም። የሽያጭ ውሉን አያይዘህ ታስረዳለህ፤ ያኔ ደግሞ ቤተሰቡ የነበረውን ንብረት ሸጦ የሚሄድ ልጅ ተመልሶ ይመጣል ወይ የሚል ሌላ ጥያቄ ትከፍታለህ። ተከለከልክ እንበል። ቤቱ ተሽጧል። ብሩ ባንክ ተቀምጧል። በሐምሌ 2016 የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር እንዳለፈ ታስታውሳለህ። ባንክ የተቀመጠ ብር ያንኑ ቤት መልሶ አይገዛም።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት የጻፍካት አንዲት መስመር አለች። «ከጓሮ ያሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች የተከራዩ ናቸው፣ በዚያ ነው ታናናሾቼ የሚማሩት።» ይቺ ናት ያናደደችኝ። ይህን እያወቀ ማነው ሽጡ ያለው? አጎትህ አይደሉም እንዴ? ታዲያ እሳቸው ስንት ያዋጣሉ? «ስፖንሰር ሆነው ይፈርሙልኛል» ብለሃል። በወረቀት ስፖንሰር መሆንና ገንዘብ ማውጣት የተለያዩ ናቸው። ግማሹን እኔ እከፍላለሁ ካሉ ሌላ ወሬ ነው፣ እንደገና ጻፍልኝ። እስከዚያው ግን የራሳቸውን መቶ ዶላር ሳይነኩ የእህታቸውን ቤት የሚያሸጡ ሰው ምክር በዚህ ጉዳይ ላይ ሚዛን የለውም። አትቆጣኝ። ክፉ ናቸው አላልኩም፤ እሳቸው የሄዱበት ዘመንና የአሁኑ አንድ አይደለም።

እናትህን ምን ልበላቸው ብለሃል። እኔ ብሆን ቁጭ ብዬ ከላይ ያለውን ሂሳብ በወረቀት እጽፍላቸዋለሁ፣ ኪራዩንም ጨምሬ። ቤት የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው፣ ከአንተም ከእኔም በላይ ሂሳብ ያውቃሉ።

የራሴን ልንገርህ። እኔም ስመረቅ ዞን ውሃ መምሪያ ገብቼ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አብረውኝ የተማሩት አዲስ አበባ ኮንትራክተር ጋ ሲገቡ እኔ በፒክአፕ ኋላ ተጭኜ የተበላሸ የእጅ ፓምፕ እቆጥር ነበር። ለጀርመን ስኮላርሺፕ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ተመለሰብኝ። ሁለቱም የማመልከቻ ደብዳቤዎቼ ስለ «ራእዬ» የሚያወሩ ነበሩ። በሦስተኛው ስለ አንድ ፓምፕ ጻፍኩ። ሁለት ወር ቆሞ የነበረው 300 ብር በማይሞላ የፓምፕ ውስጥ ጎማ ምክንያት ነበር፤ ጎማውን የሚገዛ ሰው ስላልተመደበ ሴቶቹ ወንዝ ይወርዱ ነበር። ተቀበሉኝ። ስለዚህ የወረኢሉን ሥራ ግባበት የምልህ ምናልባት እኔ በዚያ በኩል ስላለፍኩ ይሆናል፤ ይህን እያወቅክ ስማኝ።

ግን የእኔ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዳድ የሚባለው የጀርመን ተቋም ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች የሚሰጠው ኢፖስ የተሰኘ ስኮላርሺፕ ከዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ዲግሪህም ከስድስት ዓመት በላይ ያለፈው እንዲሆን አይፈልግም። የሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ የውሃ ሀብት ምህንድስና ማስተርስ ስኮላርሺፑ ከሚሸፍናቸው ውስጥ ነው። ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ ስኮላርሺፕም የሁለት ዓመት ልምድ ይላል። አንተ የናቅከው የወረዳ ደመወዝ በወር በወር ይህን ነው የሚገዛልህ። ጀርመን በራስህ ልሂድ ብትል ትምህርቱ በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ቢሆንም በዝግ አካውንት፣ ማለትም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብቻ በሚወጣበት ሂሳብ፣ 11,904 ዩሮ አስቀምጥ ትባላለህ፤ ያው ዞረህ የእናትህን ቤት ወደ መሸጥ ትመለሳለህ።

ልምድ እስኪሞላ ደግሞ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። ኢራስመስ ሙንደስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ ልምድ ግዴታ የማያደርጉ ብዙ ፕሮግራሞች አሉት። የሚያልፍ ሰው ትምህርቱ ተሸፍኖለት በወር 1,400 ዩሮ ይሰጠዋል። ማመልከቻው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ውድድሩ ከባድ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ሲያልቅ የምታጣው ያመሸህባቸውን ሌሊቶች ብቻ ነው።

በዚህ ሳምንት የምትሠራው አንድ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲህ ሬጅስትራር ሄደህ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ጠይቅ፤ ስቱደንት ኮፒ አይሆንም። በእጅህ ያለው ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊው ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ ኦሪጅናሉን ለማውጣት የኮስት ሸሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ጉዳይህን አሁኑኑ ጀምር። ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ኦሪጅናል ዲግሪ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የሚሮጥ ልጅ በየዓመቱ ይደውልልኛል። ያስተማሩህን ሁለት መምህራንም ሳይረሱህ በፊት ለድጋፍ ደብዳቤ አናግራቸው።

ወረኢሉ ከገባህ ከስድስት ወር በኋላ የሞቲቬሽን ሌተርህን፣ ለምን መማር እንደምትፈልግ የምታስረዳበትን ደብዳቤ፣ ረቂቅ ላክልኝ፣ አነብልሃለሁ። የመጀመሪያው መስመር «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብሎ ከጀመረ ግን ሳላነበው ነው የምመልስልህ።