ሳፎን ወደ አማርኛ ለምትመልሺው እህቴ፦ ከ«ይ» ተጠንቀቂ

እህቴ፣ ለሥነ ጽሑፍ ኮርስሽ የሳፎን ግጥም በአማርኛ ማቅረብ አለብኝ፣ የትኛውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ልያዝ ብለሻል። እኔም እዚሁ አውሮፓ ስማር ይህንኑ ሥራ ሠርቼ ክፍል ፊት አፍሬበታለሁ። ሳፎ የጥንቷ ግሪክ፣ የሌስቦስ ደሴት ሴት ገጣሚ እንደሆነች ታውቂያለሽ ብዬ ሌላውን ልዝለለው።

1. በነፃ የሚገኝ አሮጌ ትርጉም አትንኪ። እኔ የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ1711 የወጣውን የአምብሮዝ ፊሊፕስን ነበር። ቤት ስለሚመታ ወደድኩት። ለፍቅር አምላኳ ለአፍሮዲቴ በቀረበው ልመና ላይ ሳፎን የናቃት ሰው እዚያ «እሱ» ነው። እኔም «ቢሸሽም ያሳድዳል፤ ስጦታ ባይቀበልም ይሰጣል፤ ባይወድም ይወዳል» ብዬ ጻፍኩ። ኮርቼበትም ነበር! መምህራችን የአማርኛውን ቃል በቃል እንድፈታላቸው ጠየቁኝና «ይሄ ‹እሱ› ከየት መጣ?» አሉ። ሃያ ሰው ፊት መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግሪኩ እነዚያ ግሶች ጾታ አይናገሩም። ሚስጥሩ የሚወጣው በስንኙ መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ቃል ነው፤ «ኤተሎይሳ»፣ ማለትም «ፈልጋ»፤ ከፊቷ ካለው አፍራሽ ቃል ጋር «ሳትፈልግ» ትሆናለች። እሷም በእጅ ጽሑፎቹ ላይ ተበላሽታ ቆይታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቴዎዶር ቤርክ የሚባል ጀርመናዊ ነው ያቃናት፤ ስለዚህ ፊሊፕስን ብዙም አልረግመውም። በእኛ ቋንቋ ግን «ሳትፈልግ» እና «ሳይፈልግ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ይባስ ብሎ እዚያ ቃል ላይ ሳንደርስ ገና «ይሸሻል» ወይስ «ትሸሻለች» ብለን መወሰን አለብን። አማርኛ ዝም ማለት አያውቅም።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ያገኘሁት መፍትሔ ይኸውልሽ፣ ውሰጂው፦ «ሽሽት ነገ ማሳደድ ይሆናል፤ እንቢታም ስጦታ፤ ያልነበረው ፍቅርም ይመጣል፣ ሳትፈልግ እንኳ።» ግሱን በስም ስተካው ጾታው እስከ መጨረሻው ቃል ተደብቆ ቆየልኝ። መምህሩ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

2. የዴቪድ ካምቤልን የሎብ እትም ያዢ (ሎብ የጥንት ግሪክና ላቲን ጽሑፎች ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር የሚወጡበት ተከታታይ ነው)፤ በአንድ ገጽ ግሪኩ፣ በትይዩው እንግሊዝኛው አለ። ግሪክኛ ባትችዪም የቃሉን ጭራ ሰው ማስጠየቅ ትችያለሽ። እኔ ይህን መጽሐፍ ለማየት ሦስት ሳምንት ተመላልሻለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ከላይ እስከ ታች አይታኝ «ይሄ የግሪክኛ ተማሪዎች ነው» አለችኝ። የትም አልተጻፈም! በመጨረሻ ያወጣልኝ የማታው ተረኛ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ምን ልል ነበር... አዎ፣ የአን ካርሰን የ2002 እ.ኤ.አ. ትርጉምም ጥሩ ነው፤ ፓፒረሱ (ግጥሙ የተጻፈበት የጥንት ወረቀት) የተቀደደበትን በቅንፍ ታሳይሻለች። የጥንት የእስክንድርያ ሊቃውንት ግጥሞቿን ካሰባሰቡባቸው መጻሕፍት የመጀመሪያው ብቻ 1,320 ስንኝ ነበረው፤ ዛሬ ያ የአፍሮዲቴ ልመና ብቻ ነው ሙሉ የሚባለው። ባዶውን በራስሽ አትሙዪ።

3. አትፍሪ። ይሄኛው ከ«እሱ» የባሰ ጥፋቴ ነው። ዘመድ ያነበው ይሆናል ብዬ ሌላውን ግጥም፣ «ያ ሰው ለእኔ የአማልክት እኩያ ነው» የሚለውን፣ «ለጓደኛ የተጻፈ» ብዬ አለፍኩት። «ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ጣፋጭ ድምፅሽን፣ ሳቅሽን የሚሰማ» ብለሽ ስትጽፊ ግን «ሽ» የት ትደበቃለች? ተገላቢጦሹን ደግሞ እዪው፦ ከሣር ይልቅ ገረጣሁ የምትለው ራሷ ሴት መሆኗን ግሪኩ በቅጽሉ ይናገራል፣ የእኛ «ገረጣሁ» ግን ይደብቃል። ሮማዊው ካቱሉስ ግጥሙን ወደ ላቲን ሲመልስ ተናጋሪውን ወንድ አድርጎ፣ ተወዳጇን «ሌዝቢያ» ብሎ ጠራት፤ የሌስቦሷ ማለት ነው። «ሌዝቢያን» የሚለው ቃል የዛሬው ትርጉም፣ ሴት የምታፈቅር ሴት ማለት፣ የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሦስት የደሴቲቱ ነዋሪዎች «ስማችንን መልሱ» ብለው አቴንስ ፍርድ ቤት ከሰው ተረትተዋል። ስለዚህ ቃሉን ለሳፎ ስትሰጪ የኛ ዘመን ቃል መሆኑን ጻፊ፤ ሴቶችን አፍቅራ መግጠሟን ግን እንደኔ አታድበስብሺ። እኔን ነጥብ ያስቆረጠኝ እሱ ነው፤ ከአስር ሁለት።

ከማስረከብሽ በፊት በውስጥ ላኪልኝ፣ «ት» እና «ይ»ዋን አንድ በአንድ አይልሻለሁ።