ልብስ አሳልፎ የሚያይ ሞባይል አለ ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ተማሪ ነኝ። ክፍላችን ያለ አንድ ልጅ ስልኬ ላይ የራጅ አፕ ጭኛለሁ፣ ከልብስ ውስጥ ያሳየኛል እያለ ካሜራውን ወደኛ ያዞራል፣ የአንዷን ጓደኛችንን ነው ብሎ ራቁት ፎቶ ሲያሳይ ልጅቷ አልቅሳ ወጣች፣ ከዛ ወዲህ እኔም ክፍል መግባት እያስጠላኝ ነው። እውነት እንዲህ ያለ ስልክ አለ እንዴ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ የለም። አፕ ስለተጫነ ብቻ ልብስ አልፎ ገላ የሚያይ ስልክ የለም።

ሆስፒታል ሄደሽ ደረትሽን ራጅ ተነስተሽ ከሆነ አስታውሺው፣ ባንድ በኩል ጨረር የሚለቅ ማሽን አለ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሰሌዳው ደረትሽ ላይ ይጠጋል፣ አንቺ መሃል ነሽ፣ ጨረሩ አንቺን አልፎ ሰሌዳው ላይ ካላረፈ ምስል የለም። ስልክ ግን ያለው ባንድ በኩል ብቻ ነው። ደግሞ ያን ጨረር ለማመንጨት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል፣ የስልክ ባትሪ ደግሞ 4 ቮልት አካባቢ ነው፣ አፕ ስልኩ ውስጥ የሌለ እቃ ከየት ያመጣል? ራጅ ቢኖረውስ ምን ሊታይ ነው፣ ራጅን ያገኘው ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. የሚስቱን እጅ በራጅ ሲያነሳ የታየው አጥንቷና የጣት ቀለበቷ ነው።

ወሬው ግን ዝም ብሎ አልተነሳም። መነሻው ኢንፍራሬድ የሚባለው አይናችን የማያየው ብርሃን ነው። የቲቪ ሪሞት ያዢና ጫፉን ወደ ስልክሽ የፊት ካሜራ አዙረሽ አንዱን ቁልፍ ተጫኚ፣ ብዙ ስልክ ላይ ወይንጠጅ የመሰለ ብርሃን ብልጭ ሲል ታያለሽ፣ በባዶ አይን ግን ምንም የለም። ካሜራ ይሄን ብርሃን መያዝ ስለሚችል ነው አምራቾቹ የሚያግድ ፊልተር የሚያስገቡበት። በ1998 እ.ኤ.አ. የሶኒ ቪዲዮ ካሜራ ማታ እንዲቀርጽ ያን ፊልተር ገለል የሚያደርግ ነበር፣ ሰዎች ቀን ላይ በአይን የሚታየውን ብርሃን የሚያግድ ሌላ ፊልተር ገጥመውበት አንዳንድ ስስ ልብስ እንደሚያሳልፍ ሲታወቅ ሶኒ አሰራሩን ቀየረው። በ2020 ደግሞ ዋንፕላስ 8 ፕሮ የሚባለው ስልክ አንዱ ካሜራው ስስ ጥቁር ፕላስቲክ አልፎ የሪሞት ውስጥ ሲያሳይ ተገኘና ኩባንያው በአፕዴት ገደበው። ይሄ ሁሉ የእቃ ነገር ነው እንጂ ከፕሌይ ስቶር የሚወርድ አይደለም፣ በደሴ ብርድ ሹራብ ደርባችሁ የምትቀመጡትን ልጆችማ ጭራሽ።

ታዲያ ያ ፎቶ ምንድነው? ልጁ አላየም፣ ሰርቶ ነው ያመጣው። አሁን ፊት ያለበት አንድ ፎቶ ከቴሌግራም ፕሮፋይል አንስተው በኤአይ (በሰው ሰራሽ አስተውሎት) የሌላ ገላ የሚለጥፉ አፖች አሉ፣ ገላው የጓደኛሽ አይደለም። ይሄን ለሷ ዛሬውኑ ንገሪያት፣ የሚያስለቅሳት የራሷ ገላ የታየ መስሏት ነውና። ዝም ግን አትበሉ። ፎቶውን በየግሩፑ ሳታሰራጩ ማን፣ መቼ፣ የት እንዳሳየ ጽፋችሁ ያዙ፣ ከምታምኗት አስተማሪ ወይ ከእናቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ ለርዕሰ መምህሩ አቅርቡ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በምስል ሰውን ማስፈራራትንና ክብሩን የሚነካ ነገር ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል፣ እገሌ ልጅ ነው፣ እየቀለደ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እንዲህ ያለ አፕ የሚጭን ልጅ ራሱም ጋለሪውንና ኮንታክቱን ለማያውቀው ሰው እየከፈተ ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። የሞባይል ሱቅ ውስጥ ውስጡ የሚታይ ስልክ አይቼ ነበር፣ እሱስ ራጅ ነገር አለው?

መልስ፦ የለውም ወንድሜ። ናቲንግ ፎን የሚባለው በ2022 የወጣው አይነት ይሆናል፣ ጀርባው መስታወት ስለሆነ ነው ውስጡ የሚታየው፣ ካሜራው እንደማንኛውም ካሜራ ነው። ስክሪኑ ጭምር አሳልፎ የሚያሳይ ስልክ በ2009 እ.ኤ.አ. ሶኒ ኤሪክሰን ኤክስፔሪያ ፒውርነስ ብሎ አውጥቶ ነበር፣ እሱማ ጭራሽ ካሜራም አልነበረው። ሻጩ በራጅ ስም ዋጋ ከጨመረብህ አትክፈል።