የአሜሪካ ጦር የጉዳት ካሳ፦ ከጎንደር ለተላኩ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ጦር አገልግዬ ተመልሻለሁ። ለጉልበቴ ጉዳት ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) አመልክቼ፣ እዚሁ ያወጣሁትን የሐኪም ወረቀትም ልኬ ነበር። «ጉዳቱ ከአገልግሎቱ ጋር መያያዙ አልተረጋገጠም» አሉኝ። ደብዳቤው በፖስታ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ምን ላድርግ? (ጌ. አ.፣ ማራኪ)

መልስ፦ በቅድሚያ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቀን ይዩ። ውሳኔውን ለማስገምገም ያለዎት አንድ ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንጂ ከፖስታ ሣጥን ካወጡበት ቀን አይደለም። በዓመቱ ውስጥ ከተንቀሳቀሱ፣ ሲፈቀድልዎ ካሳው ከመጀመሪያው ማመልከቻዎ ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። ዓመቱ ካለፈ ግን ብዙውን ጊዜ ያለፈው ጊዜ ገንዘብ ይቀራል። ስለዚህ ደብዳቤዎን ቪኤ ድረ ገጽ ላይ ይከታተሉ፤ ፖስታ አይጠብቁ።

ከየካቲት 2011 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 2019) ወዲህ ውሳኔን ለማስገምገም መንገዱ ሦስት ነው። አዲስ ማስረጃ ካለ ተጨማሪ ማመልከቻ በቅጽ 20-0995 ይገባል። የበላይ ገምጋሚ እንዲያየው በቅጽ 20-0996 መጠየቅም ይቻላል። ሦስተኛው በቅጽ 10182 ለይግባኝ ቦርድ ማቅረብ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው፦ ይፈጥናል ብሎ ይመርጠውና አዲስ የሐኪም ወረቀት ያያይዝበታል። የበላይ ገምጋሚው ግን የቀድሞውን ፋይል ብቻ ነው የሚያየው፤ ያያይዙት ወረቀት አይነበብም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች ቪኤ ያስቀመጠው ግብ በአማካይ 125 ቀን ነው። ቦርዱ በአጭሩ መስመር 365 ቀን ያልማል፤ ማስረጃ ወይም ችሎት ሲጨመርበት ከዚያም ይረዝማል።

እርስዎ የጎደለዎ ማስረጃ ስለሆነ መንገድዎ የመጀመሪያው ነው። ሐኪም ቤቶቻችን የሚሰጡት ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሕመሙን ስም፣ የዕረፍት ቀንና ማኅተም የያዘ ነው። ለአሠሪ ይበቃል፤ ለቪኤ አይበቃም። ሐኪሙ የጦሩን የሕክምና መዝገብ ማየቱን፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል «ቢያንስ ሃምሳ በመቶ» መሆኑን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምን እንዲህ እንዳለ መጻፍ አለበት። ምክንያት ያልተሰጠው ድምዳሜ ሚዛን አያነሣም። ጉልበት ከሆነ ደግሞ የመታጠፉ መጠን በዲግሪ ይለካ፦ 45 ላይ ከቆመ 10 በመቶ የጉዳት ደረጃ፣ 30 ላይ 20፣ 15 ላይ ደግሞ 30 በመቶ ይሰጣል። «መታጠፍ ያስቸግረዋል» ተብሎ ከተጻፈ ገምጋሚው የሚያመሳክርበት ቁጥር አያገኝም። ዲቢኪው የተባለውን፣ ሐኪም የምርመራ ውጤቱን የሚሞላበትን የቪኤ ቅጽ ከድረ ገጹ አትመው ቢወስዱለት ሐኪሙ የሚለካውን አይስትም።

ቀኑንም ልብ ይበሉ። ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ወረቀቱ ላይ 12/03/2017 ተብሎ ቢጻፍ፣ አሜሪካዊው ገምጋሚ ዲሴምበር 3 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ትክክለኛው ግን ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነው። ሰባት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው! ወሩ በፊደል፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ስምዎም ዲዲ 214 በተባለው የጦር አገልግሎት ስንብት ወረቀትዎ ላይ ባለው አጻጻፍ ይሁን፤ እኛ ዘንድ የአባትና የአያት ስም ሲፈራረቅ ወረቀቱ የሌላ ሰው ሊመስል ይችላል። አማርኛው ላይ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያያይዙ።

ቪኤ እንደገና ምርመራ ካዘዘ አይቅሩ። ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው መርማሪ ማግኘት ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ስልክዎና ኢሜይልዎ ተቀይሮ ከሆነ ቀጠሮው ሳይደርስዎ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ለወገቤ 40፣ ለትከሻዬ 20 በመቶ ተሰጠኝ። ድምሩ 60 መሆን ሲገባው 50 አሉኝ። ተሳስተው ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ቪኤ አይደምርም። ከ100 ላይ 40 ሲነሣ ደኅና የቀረው 60 ነው፤ የ60 ሃያ በመቶ 12። 40 እና 12 ሲደመር 52፣ ወደ ቅርቡ አሥር ሲጠጋ 50 ይሆናል። ይግባኝ የሚያስኬድ ነገር የለበትም። ይልቅ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ጭማሪ ስለሚያገኝ፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ አስገብተው እንደሆነ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው የወንድሜን የመጀመሪያ ማመልከቻ ሞልቶ ከሚያገኘው ላይ ሠላሳ በመቶ ልውሰድ ይላል። እንስማማ? (እህቱ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ አይስማሙ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ክፍያ መጠየቅ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው። ቪኤ ዕውቅና የሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነፃ ይሠራሉ፤ ውክልናው በቅጽ 21-22 ይሰጣል። ጠበቃ ማስከፈል የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከተጠራቀመው ገንዘብ 20 በመቶ እንደ ተገቢ ይቆጠራል፣ ከሲሶ በላይ ግን ከልክ ያለፈ ነው። የባንክ ሒሳቡንና የድረ ገጹን የይለፍ ቃል ለማንም አይስጥ።

ጥያቄ፦ አባታችን ማመልከቻው ሳይወሰን አረፈ። እናታችን አለች፤ እኛ ልጆቹ ሁላችንም አድገናል። ጉዳዩ በዚያው ቀረ? (ከአራዳ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አልቀረም፤ አባታችሁ ባረፈ በአንድ ዓመት ውስጥ እናታችሁ ቅጽ 21ፒ-0847 አስገብተው በቦታው መተካት ይችላሉ። የሞትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። እናንተ ያደጋችሁት በልጅነት ብቻ አትተኩም። እናት ባይኖሩ እንኳ፣ ለመጨረሻ ሕመሙና ለቀብሩ ከኪሱ ያወጣ ሰው ሊጠይቅ የሚችለው እስካወጣው ድረስ ብቻ ነው፤ ያንንም በደረሰኝ።