ሁሉም «እንገዛለን» አሉኝ፣ የሚገዛ ግን ጠፋ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ በአንድ ኪሎ አሽጌ ለሰፈር ሱቆች አስረክባለሁ። ከመጀመሬ በፊት መጠይቅ ይዤ የሰፈሩን እናቶች ጠይቄ ነበር። ሁሉም «ጎበዝ ልጅ! እንገዛለን» አሉኝ። አሁን ግን ዕቃዬ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። አንትሮፖሎጂ (የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠና ትምህርት) የተማረች ጓደኛዬ «መጠይቁን ተይና ኢትኖግራፊ ሥሪ» አለችኝ። ይሄ የዩኒቨርሲቲ ነገር ለእኔ ምን ይሠራል? ዋጋ ልቀንስ ወይስ ማስታወቂያ ላሠራ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ተያቸው። ጓደኛሽ ልክ ናት። ኢትኖግራፊ ሰው በሚውልበት ቦታ አብሮ ውሎ፣ የሚያደርገውን በዓይን አይቶ መረዳት ነው።

እናቶቹ አልዋሹሽም። የሰፈር ልጅ ወረቀት ይዛ በራቸው ስትቆም «አልገዛም» ማለት ይከብዳቸዋል። ሶሲዮሎጂስቱ ኤርቪንግ ጎፍማን ሰው በሰው ፊት የሚያሳየውንና ከእይታ ውጭ የሚያደርገውን ለያይቶ ያጠናው ለዚህ ነው። አንቺ የሰማሽው የፊቱን ነው።

በትልልቅ ድርጅቶችም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኮፒ ማሽን አምራቹ የአሜሪካ ድርጅት ዜሮክስ «ኮፒ ማሽኑ አስቸገረን» የሚል ቅሬታ ነበረበት። አንትሮፖሎጂስቷ ሉሲ ሰችማን ሰዎች ማሽኑን ሲጠቀሙ በቪዲዮ ቀረጸች። የድርጅቱ ተመራማሪዎች ራሳቸው ማሽኑ ፊት ግራ ሲጋቡ ታየ። ተጠቃሚው ሰነፍ ነው የሚል ሰበብ ከዚያ በኋላ አላዋጣም።

አንቺም ባለሱቁን አስፈቅደሽ፣ የምትሠሪውን ሳትደብቂ፣ ጠዋትና አመሻሽ ሱቁ ጥግ ቁጭ በይ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ቤት ያስገባል፣ በከንቱ አትልፊ። የሚመጣው ማን ነው? እናትየዋ ወይስ የተላከ ልጅ? ስንት ብር ይዞ? በእጅ በእጅ ይከፍላል ወይስ ዱቤ ደብተር ላይ ይጻፋል?

ዱቤውን አጥብቀሽ እዪ። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ የጻፈው መስጠትና መመለስ ሰውን ከሰው እንደሚያስተሳስር ያሳያል። ዱቤም ለእኔ እንደዚያ ነው፤ መተማመን አለበት። ባለሱቁ የሌላውን ሽሮ በዱቤ እየሰጠ ያንቺን «በካሽ ብቻ» የሚል ከሆነ፣ ዋጋ ብትቀንሺም አይነሳም።

ከዚያ «ከፊራ» የሚባለው ገበያችሁ ሂጂ። ገዢዋ ዛላውን ስታገላብጥ፣ ስታሸት እዪ። የታሸገው ይህን ይነፍጋታል። ወፍጮ ቤትም ወረፋ ላይ አብረሽ ቁሚ፤ በርበሬዋ ከሌላ ሰው እንዳይቀላቀል ቆማ የምታስፈጭ ሴት ምን እንደምትፈራ እዚያ ትሰሚያለሽ።

ማታ ማታ ያየሽውንና የገመትሽውን ለየብቻ ጻፊ። «ልጁ ሃያ ብር ይዞ መጣ» ያየሽው ነው። «አቅም የላቸውም» ግን ግምትሽ ነው። ማስታወሻሽን ላኪልኝና የፓኬቱን መጠን አብረን እንወስናለን።