ኬልቪን ይመነዘራል ወይስ ይለወጣል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የቦይለር ጥገና ላይ ይሠራል፤ አሁን ደግሞ አንድ የቆየ የአሜሪካ መመሪያ ለፈረቃ ሠራተኞች እንዲሆን ወደ አማርኛ እየመለሰ ነው። የጻፈልኝ ባጭሩ ይኸው፦ «ጋሼ፣ መመሪያው ሙቀቱን ሁሉ በራንኪን መለኪያ ነው የሚሰጠው። እኛ የምናሰላው በኬልቪን ነው። ‹ራንኪኑን ወደ ኬልቪን ለመመንዘር በ1.8 አካፍል› ብዬ ጻፍኩ። የፈረቃ መሪያችን ‹መመንዘር የገንዘብ ቃል ነው፣ መለወጥ በል› አለኝ። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ ‹ዲግሪ ኬልቪን› አይባልም ብሎ ሰረዘብኝ። የቱ ነው ልክ?»

አብሽር፣ ቃልህን አትቀይር። መመንዘር ልክ ነው፤ እንዲያውም ከሦስቱ ቃላት የተሻለው እሱ ነው።

መለወጥንና መቀየርን እንያቸው። በአማርኛ የተለወጠ ነገር እንደ ድሮው አይደለም። ውሃ ወደ እንፋሎት ተለወጠ፣ መልኩ ተለወጠ፣ ልብሱን ቀየረ እንላለን። አሁን ሌሊት ፈረቃ ላይ ያለ ልጅ መመሪያህን ገልጦ «ሙቀቱን ወደ ኬልቪን ለውጥ» የሚል መስመር ቢያገኝ፣ ያውም እንቅልፍ እያዳፋው፣ እጁ ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሄዳል ወይስ ወደ መቆጣጠሪያው? እኔ ይህን አደጋ አልወደውም። ቦይለሩ አልሞቀም፣ አልቀዘቀዘም። የተቀየረው የምንጠራበት ቁጥር ብቻ ነው።

መመንዘር ግን ይህንን በትክክል ይናገራል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ ፒያሳ አንዲት ሱቅ ገብቼ መቶ ብር ሰጠኋትና «መንዝሪልኝ» አልኳት። አሥር አሥር ብሮችን ምራቅ በነካ ጣቷ እየቆጠረች ባንኮኒው ላይ ደረደረች፤ ስምንተኛዋ መሃሏ ተቀዶ በፕላስተር የተያያዘች ነበረችና አውጥታ ሌላ ተካችልኝ። የሰጠሁትም መቶ፣ የተቀበልኩትም መቶ። ዋጋው ሳይነካ መቁጠሪያው ብቻ ተለየ። ከራንኪን ወደ ኬልቪን ስትሄድ የምታደርገውም ይህንኑ ነው።

«የገንዘብ ቃል ነው» የሚለውም ቢሆን አያስኬድም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የዓመቱን እቅድ ወደ ሩብ ዓመት፣ ከዚያም ወደ ወርና ሳምንት «መንዝረህ አምጣ» ይባላል። እቅድ ገንዘብ አይደለም። ቃሉ ከባንክ ከወጣ ቆይቷል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ በ«አ» አትጀምረው። «አመነዘረ» ዝሙት ነው። ሌላ ሰው እንዲመነዝርልህ ካደረግህ «አስመነዘርኩ» በል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ኬልቪንና ራንኪን ከሌሎቹ መለኪያዎች በተለየ ለዚህ ቃል የተሠሩ ይመስላሉ፤ ሁለቱም የሚነሱት ከፍጹም ዜሮ ነው። ፍጹም እዚህ ላይ «እንከን የለሽ» ማለት አይደለም። ከፈጸመ፣ ከጨረሰ ነው የመጣው፤ ከዚያ ወዲያ መውረጃ የለም ማለት ነው። በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 273.15፣ በፋረንሃይት ከዜሮ በታች 459.67 መሆኑ ነው። ባዶ ኪስ በብርም ባዶ ነው፣ በዶላርም ባዶ ነው፤ ዜሮ ኬልቪንም እንደዚሁ ዜሮ ራንኪን ነው። ስለዚህ ምንዛሬው ንጹህ ማባዛት ነው፦ ከኬልቪን ወደ ራንኪን በ1.8 ታባዛለህ፣ ስትመለስ በ1.8 ታካፍላለህ። በረዶ የሚቀልጥበት 273.15 ኬልቪን 491.67 ራንኪን ይሆናል። በመመሪያህ ያለው 671.67 ራንኪን ደግሞ ሲካፈል 373.15 ኬልቪን ነው፤ እኛ መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የምንለው።

ሴንቲግሬድና ፋረንሃይት እንዲህ አይደሉም። የሴንቲግሬድ ዜሮ ባዶ ኪስ አይደለም፣ ውሃ የሚረጋበት ቦታ ነው፤ በፋረንሃይት 32 ይባላል። ስለዚህ በ1.8 ካባዛህ በኋላ 32 ትጨምራለህ።

ይህ ልዩነት አማርኛችን ውስጥ የት እንደሚገባ ታውቃለህ? «እጥፍ» የሚለው ቃል ላይ። ደሴ 13 ዲግሪ፣ ኮምቦልቻ 26 ዲግሪ የሆነበት ቀን ነው እንበል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሹራቡን ያወለቀ ሰው «ኮምቦልቻ የደሴ እጥፍ ትሞቃለች» ቢል ለጨዋታ ያምራል፣ መመሪያ ላይ ግን አይጻፍም። ያንኑ ሙቀት በፋረንሃይት ስትለው 55.4 እና 78.8 ይሆናል፤ እጥፉ የት ሄደ? በኬልቪን 286.15 እና 299.15፣ በራንኪን 515.07 እና 538.47 ነው። በሁለቱም ኮምቦልቻ የምትበልጠው 4.5 በመቶ ያህል ነው፤ ብትመነዝረውም ያው ነው። «እጥፍ»፣ «ግማሽ»፣ «ይህን ያህል በመቶ» የሚሉ ቃላት ከሙቀት ጋር ሲመጡ ከፍጹም ዜሮ የሚነሳ መለኪያ ይፈልጋሉ።

ጓደኛህ «ዲግሪ»ን መሰረዙ ልክ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ «ዲግሪ ኬልቪን» ይባል ነበር። በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ ዲግሪውን አንስቶ ኬልቪን ብቻ እንዲባል ወሰነ። ሦስት ሜትር፣ አምስት ኪሎ እንደምንለው 300 ኬልቪን እንላለን። የቆዩ መጻሕፍት ላይ «ዲግሪ ኬልቪን» ብታይ አትደንግጥ፣ ያረጀ አጻጻፍ ነው። ውሳኔው ግን ራንኪንን አልነካም፤ የምህንድስና መጻሕፍት አሁንም «ዲግሪ ራንኪን» ይላሉ። በሠንጠረዥህ አንዱ ከዲግሪ ጋር፣ ሌላው ያለ ዲግሪ ቢሆን ስህተት አይደለም።

ስሞቹም የሰው ናቸው። ዊልያም ቶምሰን ከፍጹም ዜሮ የሚነሳ መለኪያን ሐሳብ ያቀረበው በእ.ኤ.አ. 1848 ነው፤ «ሎርድ ኬልቪን» የተባለው ዘግይቶ ሲሆን ስሙም በስኮትላንድ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የሚፈስ ወንዝ ነው፤ እኛ ጋ «የቦርከና ባላባት» እንደማለት። ራንኪንም እዚያው ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህር ነበር፤ መለኪያውን ያቀረበው በእ.ኤ.አ. 1859 ነው። አንዳንዱ «ራንካይን» ብሎ ይጽፋል። በአገሩ አጠራር ራንኪን ነውና የአንተን አጻጻፍ ያዝ።

ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በላክህልኝ ገጽ ላይ አይቼዋለሁ። «ሙቀቱን ወደ 18 ዲግሪ ራንኪን ጨምር» ብለሃል። ልትል የፈለግከው «በ18» ነው። «በ» የልዩነቱን መጠን ይነግረናል፣ «ወደ» ደግሞ መድረሻውን። በ18 ዲግሪ ራንኪን ጨምር ማለት በ10 ኬልቪን ጨምር ማለት ነው፤ ይህም በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከመጨመር ጋር አንድ ነው፣ ለልዩነት 273.15 አይደመርም አይቀነስም። ወደ 18 ዲግሪ ራንኪን ካልክ ግን 10 ኬልቪን ላይ ደረስክ፤ እዚያ የምንተነፍሰው አየር እንኳ ጠጣር ሆኖ ይረጋል።

መስመሩን እንዲህ ብትጽፈው ይበቃል፦ «በዲግሪ ራንኪን የተሰጠውን ሙቀት ወደ ኬልቪን ለመመንዘር ቁጥሩን በ1.8 አካፍል። መቆጣጠሪያውን አትንካ።»