ለኦንላይን ኩዊዝ እንዴት ልዘጋጅ ላለችው እህታችን

ስሟን ሳትጠቅስ የጠየቀችው እህታችን ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ፍሬሽማን ነኝ። ስላይዱን ደጋግሜ አነባለሁ፤ የዶርም ጓደኞቼንም አስረዳለሁ። ኩዊዙ ኦንላይን ሲሆን ግን ውጤቴ ይወርዳል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ተማሪ አስጠናለሁ። እንዳንቺ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሰነፎች አይደሉም። ያነበቡትን ሲያዩት ያውቁታል፤ ሲጠየቁ ግን አይመጣላቸውም። ሰውን በመልክ ማወቅና በስሙ መጥራት ለየቅል ናቸው።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሸውታል። አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ከዚያ የሚያስታውሱትን በወረቀት የጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። ስለዚህ ለነገ ጠዋት ኩዊዝ ሌሊቱን መሸምደድ ያዋጣ ይመስላል፤ ለፋይናል ግን አይተርፍም።

አሁን ወደ ጥያቄ ዓይነቶቹ። ምሳሌ ከደጃችን ልውሰድ፦ ጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተጣጥመው እንዲጠበቁ የሚከለል ቦታ) ሆኖ ተመዘገበ። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር አምስት ጊዜ ብታነቢያት ያወቅሻት ይመስልሻል። እስኪ እውነት/ሐሰት አድርጌ ላምጣት፦ «ጣና በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።» ዓመቱ ልክ ነው፣ ዩኔስኮም ልክ ነው፤ ብዙ ሰው «እውነት» ብሎ ያልፋል። መልሱ ሐሰት ነው፤ የዓለም ቅርስና የባዮስፌር ሪዘርቭ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። እውነት/ሐሰት ቀላል ነው የሚሉትን አትስሚ። ለእኔ ከሁሉም ተንኮለኛው እሱ ነው።

ማዛመድ ሲሆን ደግሞ የአገራችን ባዮስፌር ሪዘርቮች ከተመዘገቡበት ዓመት ጋር፣ ካፋ 2010፣ ሸካ 2012፣ ጣና 2015፣ ማጃንግ 2017 ተደበላልቀው ይመጣሉ። እዚህ ጣናን ብቻ ማወቅ አያድንም። ስትለማመጂ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ሳይሆን ከዓመቱ ተነስተሽም ስሙን ጥሪ።

ምርጫ ላይ «ባዮስፌር ሪዘርቭ ያልሆነው የቱ ነው?» የሚለውን ዓይነት ተጠንቀቂ። ካፋ፣ ያዩ፣ ሸካ፣ ሰሜን ተራሮች ቢቀርቡልሽ መልሱ ሰሜን ተራሮች ነው፤ የዓለም ቅርስ ነዋ። ከአንድ በላይ መልስ የሚመረጥበት ከሆነ እያንዳንዱን አማራጭ ለብቻው እንደ እውነት/ሐሰት ቁጠሪው። ሁሉንም ቲክ ማድረግ ብልጠት አይደለም፤ ሙድል (ኩዊዝ የሚሰጥበት የኦንላይን መማሪያ ሲስተም) ላይ መምህሩ ለተሳሳተ ምርጫ ነጥብ እንዲቀነስ ማድረግ ይችላል። ቅጣት ከሌለው ግን ባዶ አትተዪ። መልሱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ከአራቱ ሁለቱን ካስወገድሽ በግምት የማግኘት ዕድልሽ ከ25 ወደ 50 በመቶ ከፍ ይላል።

ባዶ ቦታ መሙላት ግን የራሱ ጣጣ አለው። አራሚው ማሽን ነው። «ዓባይ» እና «አባይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን መምህሩ ሁለቱንም ካላስገባ አንዱ ስህተት ነው። ዓመት ስትጽፊም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጠየቅሽ እይ፤ የጣና ምዝገባ በእኛ 2007 ነው። ስለዚህ ቃሉን ሃንድአውቱ ላይ እንዳለው ጻፊ፤ በእንግሊዝኛ ከሆነም ስፔሊንጉን በአፍ ሳይሆን ኪቦርድ ላይ ተለማመጂው።

ልምምዱን ከየት ትጀምሪ? ከባዶ ቦታው። ምርጫ ላይ አማራጮቹ ራሳቸው ፍንጭ ስለሚሰጡ፣ በምርጫ ብቻ የተለማመደ ሰው የሚያውቀውን ከልክ በላይ ይገምታል። ያለ አማራጭ መመለስ ከቻልሽ ሌላው ይቀልሻል።

ከዚያ የምወደው ክፍል፦ ጥያቄውን ራስሽ አውጪ። ከዶርም ጓደኞችሽ ጋር ምዕራፍ ተከፋፈሉና እያንዳንዳችሁ በጎግል ፎርም ኩዊዝ ሥሩ፤ ነፃ ነው፣ ነጥብም ራሱ ይቆጥራል። ትክክለኛውን መልስ መጻፍ ቀላል ነው። ጓደኛሽን የሚያሳስት ሐሰተኛ አማራጭ ለመጻፍ ግን ከምን ጋር እንደሚምታታ ማወቅ አለብሽ፤ እውነተኛው ጥናት ያለው እዚያ ነው። ያቺን የጣና ጥያቄ ሳወጣ የዓለም ቅርስን ያስገባሁት ለዚሁ ነው። ቻትጂፒቲም ጥያቄ ያወጣልሻል፤ መልሱን ግን ከሃንድአውቱ ጋር አመሳክሪ፣ አንዳንዴ በሙሉ ልብ ይሳሳታል።

ሰዓት ይዘሽ ተለማመጂ። አንዳንዱ ኩዊዝ ወደ ኋላ አያስመልስም፤ መመሪያውን ሳታነቢ «ስታርት» አትበዪ። መብራትና ኔትወርኩን ታውቂዋለሽ፤ ከቻልሽ በኮምፒውተር ላብ ውሰጂው። ሙድል መልስሽን በየጊዜው ሴቭ ያደርጋል፣ ቢቋረጥ ተመልሰሽ ግቢ፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅሽም።

ይህ ልምምድ ለዘንድሮ ብቻም አይደለም። የመውጫ ፈተናውም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ነው፣ ማለፊያውም 50 በመቶ።

የየትኛው ኮርስ ኩዊዝ እንደሆነ ጻፊልን። ማትስ ወይም ፊዚክስ ከሆነ ቁጥር የሚጻፍባቸው ጥያቄዎች ስላሉ ስለ አሃድና ስለ ማጠጋጋት ሌላ የምለው አለኝ።